ዘይት የጠጣችው ጥጃ

ጎረቤቴ ስትሄድ ላሟን ለባሏ፣ ባሏን ደግሞ ለእኔ አደራ ብላ ነው የሄደችው። ለጥቂት ሳምንት የምትሄድ መስሏት ነበር፤ እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ልጇ ከኢታንግ ወዲያ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ትኖራለች፤ ከድንበር ማዶ የመጣ ሰው አግብታ ከእሱ ጋር እዚያው ቀርታለች። የመውለጃዋ ጊዜ ስለደረሰ እናትየው ልታርሳት ተነሣች። ጠዋት ባጃጅ መጣላት። አንድ ፌስታል ልብስ፣ አንድ ጄሪካንና ፒፓዋን ይዛ ገባች። በጣም ረጅም ስለሆነች ባጃጁ ውስጥ ጉልበቷ ከአገጯ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም።

«ላሟ ስትወልድ ደውይልኝ» አለችኝ። «ሴት ከሆነች ሁለት ጊዜ ደውይልኝ።»

ላሟ እስከዚያ ድረስ ወንድ ወንዱን ብቻ ነበር የወለደችው። አንዱ ወይፈን ለወንድሟ ልጅ ጥሎሽ ሄደ፣ አንዱ ተሸጠ፣ አንዱን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ገደለው። ላሟ የመጣችው ከጎረቤቴ እናት ቤት ነው፤ የእናትየውም ላም ከአያትየው ቤት የመጣች ነበረች። አሁን እያረጀች ነው። አንዲት ሴት ጥጃ ሳታስቀር ብትሞት የዚያ ቤት ከብት እዚህ ላይ ያልቃል። ጎረቤቴ ስለዚህ ነገር ብዙ አትናገርም ነበር፤ ግን ላሟ ባረገዘች ቁጥር ጠዋት ጠዋት ሆዷን ስትዳብስ አያታለሁ።

እኔ ጋምቤላ የመጣሁት ባለቤቴ መምህር ሆኖ ሲመደብ ነው። ቶሎ እንዛወራለን እያልን ቆየን። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቷል። ልጆቼ ጅማና ቢሾፍቱ ናቸው፤ ነይና አብረሽን ኑሪ ይሉኛል። እሄድና እመለሳለሁ። ለምን እንደምመለስ ሲጠይቁኝ ቤቱን ምስጥ ይበላዋል እላቸዋለሁ። ምስጥ እንደሚበላው እውነት ነው።

ከጎረቤቴ ጋር የሚለየን የቀርከሃ አጥር ነው። አንድ ቦታ ላይ ፈርሶ ነበር፤ ሁለታችንም ሳናድሰው ቀረን፤ በዚያ በኩል መመላለስ ለመድን። እሷ ስታልብ እኔ ጥጃውን አንገቱን ይዤ እቆም ነበር። መጀመሪያ ላይ እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔም ኑዌርኛ አላውቅም፤ ስለዚህ ዝም ብለን እንሠራ ነበር። በኋላ እሷ አማርኛ ለመደች፣ እኔ ከሰላምታ አላለፍኩም፤ ዝምታው ግን እንደነበረ ቀጠለ። የምትሰጠኝን ወተት ስጨርስ ቅሏን አጥቤ እመልሳለሁ። አይብ ስሠራ ትወስዳለች። ይኸው ነው።

የክረምቱ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ እሷ ከሄደች ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ባልየው ነው። እሱም እንደ ሚስቱ ረጅም ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ከጆሮ እስከ ጆሮ ግንባሩን የሚያቋርጡት ለጉርምስናው የተበጣቸው ምልክቶች አሁን ከሽብሽባቱ ጋር ተደባልቀዋል። ብዙ ዓመት የመሥሪያ ቤት ዘበኛ ስለነበረ በር ላይ ሲቆም ዛሬም ቀጥ ብሎ ነው። በእጁ የወተት ቅል ይዟል።

«ማሌ» አለኝ። ሰላም ማለቱ ነው።

«ማሌ። ምን ሆንክ?»

«ወለደች። ሴት ናት። ጥጃዋ አልቆመችም። ጡት አልያዘችም።»

«ታዲያ ቅሉን ለምን ወደ እኔ አመጣኸው? እለብና አጠጣት እንጂ።»

ቅሉን ወደ እኔ ዘረጋው። እያወቅኩ ነው ያልኩት። የኑዌር ወንድ ግንባሩ ላይ ያ ምልክት ከወጣለት በኋላ ላም አያልብም። ወተቱን ይጠጣል፤ ማለብ ግን የሴትና የልጅ ሥራ ነው። እሱ ያደገው በዚህ ነው፤ ከተማ መኖሩም የመንግሥት ደመወዝ መብላቱም አልለወጠውም።

«ማን ያይሃል? በሩን ዝጋው» አልኩት።

«ላሟ ታየኛለች» አለ።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። ስወጣ ግን ከጓዳ ትንሽ ለጋ ቅቤ በጣቴ ቀንጭቤ ነበር። እኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ ቅቤ ይላሳል፤ አንጀቱን ያለሰልሳል ይባላል። ጤና ጣቢያ ስሠራ አዋላጆቹ እናቶችን ይህን ተዉ እያሉ ሲመክሩ ስንት ዓመት ሰምቻለሁ። ያም ሆኖ አዲስ ነገር ተወለደ ሲሉኝ እጄ የሄደው ወደ ቅቤው ነው።

ጥጃዋ እናቷ ሥር ጭቃው ላይ ተኝታለች። አመድማ ናት፣ ሆዷ ነጭ። አፏን ከፍቼ ቅቤውን ምላሷ ላይ አደረግኩላት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ባልየው።

«ቅቤ።»

«ላም ቅቤ ትሰጣለች እንጂ ቅቤ ትበላለች?»

ጥጃዋ ጥቂት ይዛው ቆየች፤ ከዚያ አሳላትና ተፋችው።

«አየሽ» አለኝ፣ «እሷም የእኛ ናት።»

ከዚያ ጎንበስ ብዬ ማለብ ጀመርኩ። እሱ ጀርባውን አዙሮ ቆመ። በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ የላሟ ጡቶች እንደ ድንጋይ ጠጥረው ነበር፤ ስስባቸው የወጣው የተበጣጠሰ ነገር ነው። እሱን ደፋሁት። ከሌሎቹ ሁለቱ እንገሩ ብጫና ወፍራም ሆኖ ወጣ። ጣቴን እየነከርኩ ጥጃዋን አጠባኋት። መጀመሪያ ጣቴን ዝም ብላ ያዘችው፤ ቆይታ መሳብ ጀመረች። ፀሐይ ስትወጣ በፊት እግሮቿ ተንበረከከች፤ ረፋድ ላይ ቆመች።

ለጎረቤቴ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። በመጀመሪያው «ወለደች» ብዬ ዘጋሁ። በሁለተኛው «ሴት ናት» አልኳት።  መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ እልልታዋ መጣ፤ አጠገቧ የነበሩ ሴቶችም ተቀበሏት።

«የእኔም ልጅ ወለደች» አለችኝ። «ሁለት ናቸው። እህቴ፣ እስክመጣ ጥጃዋን አቆዪልኝ።»

«አቆይልሻለሁ» አልኳት።

ማቆየቱ ግን ቀላል አልሆነም። የጠጠሩት ሁለቱ ጡቶች አልተመለሱም። የከብት ሐኪሟን ጠራን፤ ወጣት ናት፣ እዚሁ ጋምቤላ ተወልዳ ያደገች አኙዋክ። ላሟን መርፌ ወጋቻት፤ ከታመመው ጎን የሚወጣውን ወተት ለጥጃዋ እንዳንሰጥ ነገረችን። ከዚያ ጥጃዋን አየቻት። የጎን አጥንቷ ይቆጠራል፣ ጠጉሯ ቆሟል፣ ዝናቡ አርሷት ትንቀጠቀጣለች።

«እማማ፣ ምንድን ነው የምትጠጣው?»

«ከእናቷ የሚገኘውን። የቀረውን ከሱቅ በገዛሁት የዱቄት ወተት እሞላለሁ።»

«እየጠጣች ነው የምትራበው። የሱቁ ዱቄት ቅባቱ የተወሰደበት ነው። ሆድ ይሞላል፣ አያሞቅም። በዚህ ዕድሜዋ ሙቀቷን የምታገኘው ከቅባት ነው። የጠጣችው ሁሉ ለመንቀጥቀጥ እያለቀባት እንዴት ታድጋለች?»

«ታዲያ ቅቤ ልጨምርበት?» አልኩ። ባልየው ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቅቤም ይሆን ነበር፤ ግን እዚህ ቅቤ እንደ ልብ ከየት ይገኛል? ዘይት ያድርጉ። የሚረጋውን።»

የሚረጋ ዘይት የሚባለው ደጋ ላይ ስለሚረጋ ነው። ጋምቤላ ረግቶ አያውቅም፤ እንደ ውሃ ይፈሳል። ሐኪሟ አሠራሩን ቁጭ ብላ አሳየችኝ። ወተቱ ለብ ያለ ይሁን፤ የእንቁላል አስኳል ይግባበት፤ ዘይቱ መጀመሪያ በሻይ ማንኪያ ብቻ ይሁን፤ ከዚያ በጠርሙስ ተደርጎ እስኪበቃው ይናጥ።

«ላዩ ላይ የዘይት ዓይን ካዩ እንዳይሰጧት» አለችኝ። «ዘይቱ በደንብ ደቅቆ ከወተቱ ጋር ካልተዋሐደ ሆዷ አይችለውም፤ ያስቀምጣታል። ስትለምድ ቀስ እያሉ ይጨምሩ።»

ወደ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ሃጂ ይባላሉ፤ ከእኔ በፊት ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው። የዱቄት ወተት፣ የጡጦ ጫፍና ዘይት ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉ።

«እትዬ፣ ምነው፣ ወለዱ እንዴ?»

«ወለድኩ።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት። አራት እግር አላት።»

«አላህ ያሳድጋት! አባትየውስ?» ብለው ከኋላዬ የቆመውን የጎረቤቴን ባል አዩት።

«እኔ አይደለሁም» አለ ቀጥ ብሎ። «እኔ ዘበኛ ነኝ።»

ሃጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ሥራችን ይህ ሆነ። እኔ አልባለሁ፣ ዱቄቱን በጥብጬ እጨምርበታለሁ፣ አስኳሉንና ዘይቱን አድርጌ ክንዴ እስኪዝል እንጣለሁ። እሱ ጥጃዋን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ይቆማል። ዝንብና ትንኝ እንዳያሠቃያት ኩበት አጭሶ አመዱን ጀርባዋ ላይ ይቀባታል። አንድ ቀን ጠርሙሱን ስንጥ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና ጠየቀኝ።

«ይሄ ዱቄት የየት ላም ወተት ነው?»

«ማን ያውቃል? ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ለእኛ ከቆርቆሮ ነው የሚወጣው።»

«ማንም አላለበውም?»

«እኛ ዘንድ ማንም አላለበውም» አልኩት። ለመቀለድ ነበር።

ሌላው ችግር ላሟ ነበረች። ወተቷን ትይዝብኛለች። ግማሽ ቅል ሳይሞላ እግሯን ታነሣለች። ጎረቤቴ ስታልብ በዝግታ የምታንጎራጉረው ነገር ነበረ፤ ላሟ የለመደችው እሱን ነው። እኔ ስንት ዓመት አጠገቧ ቆሜ ሰምቼው ዜማውን እንኳ አልያዝኩትም። ባልየው ያውቀዋል፤ ግን እሱም የሴት ዜማ ስለሆነ አላለውም። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ደወልኩላት።

«ላሟ እምቢ አለችኝ። ያንን የምትይውን በይላት።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን የላሟ ጆሮ አጠገብ አጥሩ ላይ አንጠለጠልኩት። መጀመሪያ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ፣ ከዚያ ሌላው ቀጠለ፣ ከዚያ ጎረቤቴ ጀመረች። ላሟ ጆሮዋን አዞረች። ጥቂት ቆይታ ወተቷን ለቀቀች። ባልየው ጀርባውን አዙሮ እንደቆመ ራሱን ይነቀንቃል። ቅሉ ከሞላም በኋላ ስልኩን ወዲያው አልዘጋሁትም። እሷም ጨረሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ወዲያ መስመር በተገኘ ጊዜ ሁሉ የምናልበው እንዲህ ሆነ። የምንነጋገረው አጭር ነው። ጥጃዋ ጠጣች? ጠጣች። ልጆቹስ? ትንሹ አይጠባም፣ ትልቁ የሁለቱን ይጠባል። አንድ ቀን «ለልጄ በየወሩ የእርዳታ ዘይት ይሰጣታል፤ ከእሱ ልላክልሽ?» አለችኝ።

«ለልጅሽ አብያት» አልኳት። «ሁለት የምታጠባው እሷ ናት።»

ጥጃዋ ማንሰራራት ጀመረች። እኔም የዘይቱን ልክ ሐኪሟ እንዳለችው በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረግኩ። የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ከቅዳሴ በኋላ ዝናብ ያዘኝ፤ ረፍዶ ተመለስኩ። በፈረሰው አጥር በኩል ስገባ ጥጃዋ ግድግዳው ሥር ተዘርግታለች። ጅራቷ ረጥቧል፣ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከኋላዋ የፈሰሰው ውሃ ነው። ባልየው አጠገቧ ቁጭ ብሏል። ጠርሙሱ እግሩ ሥር ነው፤ የተረፈው ወተት ላይ ዘይቱ አንድ ጣት ያህል ተንሳፍፏል።

«ምን ሰጠሃት?»

«ወተት ሰጠኋት። ዘይት። አንቺ በማንኪያ ነው የምትሰጫት። እሷ ላም ናት፣ ወፍ አይደለችም።»

«ማን አድርግ አለህ?»

«የቆርቆሮ ወተት ነው» አለኝ። «ማንም አላለበውም። ይሄን እኔ መሥራት እችላለሁ።»

 እኔ በየጠዋቱ ጎንበስ ስል እሱ ጀርባውን የሚያዞረው ለክብሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚስቱ ጥጃ ስትከሳ እጁን አጣጥፎ መቆሙ እንደከበደው አላሰብኩም። ወጉ የማይከለክለው ወተት ሲያገኝ በሁለት እጁ ሰጣት፤ አበዛው።

«ውሃ አፍላ» አልኩት። «ስኳርና ጨው ከእኔ ጓዳ አምጣ።»

ወተቱን ከለከልናት። ጤና ጣቢያ ለሚያስቀምጣቸው ሕፃናት እንደሚደረገው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በስኳርና በጨው በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አፏ ውስጥ አደረግኩላት። እሱ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዘ። እንዳይበርዳት ጋቢ አለበሳት፤ የክት ጋቢው ነው። ሐኪሟ በባጃጅ መጥታ አየቻት፤ የያዝነውን እንድንቀጥል አዘዘችን እንጂ አልተቆጣችም። «ከዛሬ ካለፈች ትተርፋለች» ብቻ አለች።

አመሻሹ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«ጠጣች?»

እኔ እሱን አየሁት። እሱ መሬቱን አየ።

«ዛሬ ውሃ ነው የጠጣችው።»

«ምን ሆነች?»

«ዘይት በዛባት።»

«ማን አበዛው?»

«እኛ» አልኳት።

«ስልኩን ስጪው» አለች። በኑዌርኛ ረጅም ነገር ተናገረችው። እሱ እያዳመጠ የጥጃዋን ጆሮ ያሻል። ስልኩን ሲመልስልኝ «ምን አለችህ?» አልኩት።

«ሁለት ሕፃን አሉኝ፣ አንተ ሦስተኛ ነህ አለችኝ።»

ጥጃዋ አለፈችው። በማግስቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠርሙሱን ስትፈልግ አየናት። ወተቱን መልሰን ዘይቱን እንደገና ከጥቂት ጀመርን። አሁን የሚንጠው እሱ ሆነ፤ የቆርቆሮው ወተት ስለሆነ ወጉ አይነካውም። እኔ እለካለሁ፣ እሱ ይንጣል፤ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ «ዓይን የለውም» ሲል እሰጣታለሁ።

ነሐሴ ላይ ጥጃዋ ሌላ ሆነች። የቆመው ጠጉሯ ተኛ፤ ተኝቶም አልቀረ፣ አበራ። የጎን አጥንቷ ተሸፈነ። ዝናብ ሲመጣ ሌላ ጊዜ ጣሪያ ሥር ተኮማትራ ትንቀጠቀጥ የነበረችው አሁን መሐል ግቢ ቆማ ትቀበለዋለች። ሃጂ አንድ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱ ገብተው አዩዋትና «እኔ ዘንድ ካለው ዘይት ይሄ ሁሉ ጤና መኖሩን ባውቅ ራሴ እጠጣው ነበር» አሉ። ባልየው በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራ ያሳያል። ሚስቱም በስልክ መልኳን ደጋግማ ታስነግረኛለች። ፎቶ ልላክልሽ ስላት ስልኳ ፎቶ የማይቀበል ነው፤ ስለዚህ በቃል እነግራታለሁ። እንዲህ ብዙ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

መስከረም ሲገባ ሐኪሟ መጣች። ጥጃዋ ሮጣ ሄዳ ጭንቅላቷን የሐኪሟ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች፤ ጠርሙስ ያላት መስሏት ነው።

«እማማ፣ ሣር ትበላለች?»

«ታሸተዋለች።»

«ፉርሽካስ?»

«ትረግጠዋለች።»

«ቅባቱ አጥግቧት ነው። ልጅ ሳለች አድኗታል፤ አሁን ግን ሌላ ምግብ እንዳያምራት እያደረጋት ነው። የላም ሆድ ሣር መፍጨት የሚማረው ሣር ሲገባበት ነው። ዘይቱን ይቀንሱላት፤ ቀስ እያሉ ያቁሙት።»

ባልየው ወደ እኔ ዞሮ «ደገኛ አደረግሻት» አለ። «ሣር አሳይተሻት በሳህን ትጠብቃለች።»

በዚያው ሰሞን ጎረቤቴ ደወለች። ማለቢያ ሰዓት አልነበረም፤ ቀን ነው።

«እህቴ፣ አልመለስም» አለችኝ። «የልጄ ባል ሥራ ፍለጋ ሄደ። ሁለቱን ብቻዋን አትችልም። ከመጠለያው አጠገብ የዘመዶቼ መንደር አለ፤ ሣር አለ፣ ውሃ አለ። መንገዱ ሲደርቅ ከብቶቹን ይዞ ይምጣ።»

«ጥጃዋ ያን መንገድ አትችልም» አልኳት።

«መቼ ትችላለች?»

«ሣር ስትለምድ።»

«እንግዲያው አስለምጂልኝ» አለችኝ።

አስለመድኩላት። በየሳምንቱ ከዘይቱ አንድ አንድ ማንኪያ አነሣሁ። ጥጃዋ ጠርሙሱን ጨርሳ በግንባሯ ጉልበቴን ትመታኛለች፤ ወተቱ ቀጥኖባታል። ባልየው ከባሮ ዳር ለስላሳ ሣር እያጨደ ያመጣል፤ እኔ ፉርሽካውን በጨው አሽቼ በእጄ አቀርብላታለሁ። የነጠላዬን ጥለት ታኝካለች እንጂ ፉርሽካውን አትነካም። ማንኪያው በቀነሰ ቁጥር መንገዱ እየቀረበ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማንኪያውንም አላቆየሁም።

ጥቅምት ላይ አንድ ረፋድ ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ጥጃዋ ከእናቷ ጎን ተኝታለች። አገጯ ወዲያና ወዲህ ይላል። መጀመሪያ ነጠላዬን የወሰደች መስሎኝ ቀረብኩ። አልወሰደችም። እያመሰኳች ነው። ባልየውን ጠራሁት። አይቶ እጁን አጨበጨበ፤ ሄዶ ለሃጂም ነገራቸው። እኔ ጓዳ ገብቼ የዘይቱን ዕቃ ከደንኩና ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ አወጣሁት።

ኅዳር ላይ መንገዱ ደረቀ። ባልየው ጠዋት ዱላውን ይዞ፣ ሻንጣውን በገመድ ጀርባው ላይ አስሮ መጣ። ከከተማው መውጫ ላይ ወደዚያው ከብት የሚነዱ ዘመዶቹ ይጠብቁታል።

«መኪና ላይ ብትጭናቸው አይሻልም?» አልኩት።

«ላሟ መኪና አትወድም። እኔም አልወድም።»

ላሟ ወጣች። ጥጃዋ ግን በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ ተመለሰች። ገፋት፣ ተመለሰች። በገመድ ሳባት፣ አራት እግሯን ተከለች። ላሟ ከመንገዱ ጠራቻት፤ ጥጃዋ መለሰችላት እንጂ አልተነቃነቀችም።

«አንቺን ነው እናቴ የምትለው» አለ። «ምን ላድርግ?»

ገብቼ ባዶውን ጠርሙስ አመጣሁ። ነጠላዬ ሥር ይዤው ጫፉን ብቻ አሳየኋትና ከፊት ከፊት ሄድኩ። እሷ ተከተለችኝ፤ ላሟ ተከተለቻት፤ እሱ ከኋላ ሆነ። ገበያውን አልፈን በሃጂ ሱቅ ፊት ሄድን። ሃጂ ብቅ ብለው አዩን፤ ቀልድ አልተናገሩም፤ መንገዱን ይባርክላችሁ ብቻ አሉ። ጉልበቴ እንደበፊቱ አይደለም፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆምኩ፤ በቆምኩ ቁጥር ግንባሯን ወገቤ ላይ አሳረፈች።

ወደ ኢታንግ የሚያወጣው መንገድ ዳር ከዝናቡ የተረፈ አረንጓዴ ሣር ነበር። እዚያ ስንደርስ ጠርሙሱን ነጠላዬ ውስጥ ጠቀለልኩትና እጄን ባዶ አድርጌ አሳየኋት። አሸተተችኝ። ዙሪያዬን ዞረች። ከዚያ ራሷን ዝቅ አደረገችና ሣሩን ጨረፍ አደረገች፤ ደግሞ ጨረፍ አደረገች። እናቷ ወደፊት ሄደች፤ እሷም እየጋጠች ተከተለቻት።

ባልየው ቀጥ ብሎ ቆመ። የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር። «እኔ ወተት ሠርቻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለሰው አትንገሪ።»

«ማንም አላለበውም» አልኩት።

ደርሰው ጎረቤቴ እስክትደውል ድረስ ጊዜ ወሰደ፤ መስመሩ ጠፍቶ ነበር። ስትደውል ድምፅዋ ቅርብ ነው።

«አየኋት» አለችኝ። «ሌላ ሰው ከብት ይዞብኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ልክ የእናቴ ላም ናት፤ ግን ወፍራም።»

«ሣር ትበላለች?»

«ሁሉን ትበላለች። የልጄን ሻሽ በላች። እህቴ፣ ስሚኝ። ከባሌ ጋር ተነጋግረናል። ስትወልድ የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ ያንቺ ናት።»

«ግድ የለም፣ እኔ ምን አደርጋታለሁ?»

«ያንቺ ናት አልኩሽ። ግን አልልክልሽም። ራስሽ መጥተሽ ትወስጃታለሽ።»

 ጊደር እስክትሆን፣ ኮርማ እስክትፈልግ፣ አርግዛ እስክትወልድ ዓመታት ነው። ሴት ስለመወለዷም ማን ያውቃል፤ እናቷን አይቻለሁ። የእኔን ዕድሜ ደግሞ ጎረቤቴ አሳምራ ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ልነግራት እችል ነበር።

«እዚያ ያለው ኮርማ መልኩ ምን ዓይነት ነው?» አልኳት።

«ቆይ» አለች። ያቀፈችውን ሕፃን ለሌላ ሰው ስታቀብል ሰማሁ። ከዚያ ከቀንዱ ጀመረች።